አምስተኛው ጥንድ ጫማ

እኔ ሰው አልቆጥርም፤ ጫማ ነው የምቆጥረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤታቸው ሊወጡ ቀን ለተቆረጠላቸው ሰዎች ቤት ስፈልግ ኖሬ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ሰው ይዋሻል። አልፈርድበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እዋሻለሁ። ተከራይቶ ያረጀ ሰው «ስንት ናችሁ?» ሲባል ቀንሶ ነው የሚናገረው። አከራይ ሰው ሲበዛበት ውሃው አለቀ፣ ሽንት ቤቱ ሞላ፣ ግድግዳው ቆሸሸ ይላላ! ስለዚህ ስድስት የሆኑት አራት ነን ይላሉ፣ አራት የሆኑት ባልና ሚስት ብቻ ነን ይላሉ። ልጆቹ ጎረቤት ይላካሉ፣ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጡት ይጎርሳል። አፍ የደበቀውን ግን በር ላይ ያለው ጫማ ያወጣዋል። አንዲት እናት «አራት ነን» ብላኝ በሯ ላይ ሰባት ጥንድ ቆጠርኩና፣ «ሦስቱ በራሳቸው ነው የመጡት?» ብላት ስቃ ስቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ስሜ «ጫማ ቆጣሪዋ» ሆኖ ቀረ። አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ስኮራበት ኖሬያለሁ።

የቢሯችን ሥራ እንዲህ ነው። ግቢ ይሸጣል፣ ወይም ሊፈርስ ነው ይባላል፤ ለተከራዩም እስከዚህ ቀን ውጣ የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ይደርሰዋል። እኛ ቀኑ ሳይደርስ ቤተሰቡን መዝግበን፣ የሁለት ዓመት ውል ያለው፣ ማንም ተነስቶ ውጣ የማይልበት ቤት እንሰጣለን። ቤቱ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ነው። እስከ አራት ሰው ከሆነ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም መራመድ የማይችል ሰው ካለ፣ በሩ ሰፊ የሆነ ምድር ቤት። ፎርሙ ላይ ያልተጻፈ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ከተገኘ ውሉ ይፈርሳል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በልቼበታለሁ።

ስለዚህ ፎርሙን ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ የምናገረው ነገር አለኝ። «እኔ አከራይ አይደለሁም። በበዛችሁ ቁጥር ቤቱ ይሰፋል። የደበቃችሁት ሰው ካለ አሁኑኑ አውጡት።» ይህችን ብዬ ዝም እላለሁ። ብዙ ጊዜ መጋረጃው ይገለጥና አንድ አክስት ወይም አንድ የወንድም ልጅ ብቅ ይላል።

ልብስ ሰፊዋ ቤት የገባሁ ቀን ግን አላልኩትም።

ግቢው አሥራ አራት ቤት ነበረው፤ የእሷ አሥራ ሁለተኛው ነው። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እግሬ አብጧል፣ ከሷ በፊት ያለው ቤት ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስጨቃጨቅ ትዕግሥቴ አልቋል። ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። የገባሁት ፎርሙን ከፍቼ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ በአበባማ መጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ። ባልየው የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ የደንብ ልብሱን ቁልፍ እያጠላለፈ ተቀበለኝ። ሁለት ሴቶች ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ስንት ናችሁ?» አልኩ።

«አራት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰችው።

በሩን ዞር ብዬ አየሁ። የዘበኛው ቦት ጫማ፣ የእሷ ነጠላ ጫማ፣ የልጆቹ ሁለት የትምህርት ቤት ጫማ። አራት ጥንድ። ከመጋረጃው ጀርባ የተነጠፈ አልጋ አየሁ። አልጋው ሥር ክዳን ያለው ባልዲ አየሁ። ለወገብ ሕመም የሚታሸው ቅባት ሽታ አፍንጫዬ ገብቷል። ትንሿ ልጅ ከጎረቤት የሚለያቸውን ግድግዳ ሰረቅ አድርጋ ስታይ አይቻታለሁ። ይህን ሁሉ አይቼ፣ ጫማ አይዋሽም አልኩና ጻፍኩ። አራት። እሷም ፈረመች።

ቦርሳዬ ውስጥ በዚያ ቀን ሁለት ቁልፍ ነበር። አንዱ የምድር ቤት፣ አንዱ የአራተኛ ፎቅ። የአራተኛ ፎቁን ቁጥር ፎርሙ ላይ ሞላሁ። የምድር ቤቱን ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስተኛው ቤት ላሉ ስድስት ሰዎች ሰጠሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ወረቀቱ በቆረጠው የመጨረሻ ቀን፣ ቁልፋቸውን ይዤ ሄድኩ። የገዢው ሰዎች መዶሻና አዲስ ጓጉንቸር ይዘው ከግቢው በር ቆመዋል። ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል። አልጋው ተፈታትቶ፣ የስፌት መኪናው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በመሃል ደግሞ ሁለት ፍራሽ ተደጋግፈው ቆመዋል። «ጨረሳችሁ? እንሂድ!» ብዬ ወደ ጋቢናው ልወጣ ስል ፍራሹ አሳለ።

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ሁለተኛ አሳለ፤ የታፈነ፣ ጨርቅ የተነከሰበት ሳል። ፍራሹን ገፋ አደረግሁት። ጆንያ ላይ የተቀመጠች፣ ቀጭን፣ ሻሿን አጣጥፋ አፏ ውስጥ የያዘች አሮጊት ቀና ብላ አየችኝ። ሻሿን አወጣችና፣ «አንቺ ነሽ ቆጣሪዋ?» አለችኝ። «በይ ተቆጠርኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት፣ እትዬ። እግሯ ከከዳት ሦስት ዓመት ሆናት።»

«ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ጎረቤት ማድ ቤት። አከራዩ ሲመጣም እዚያ ነው የምናስቀምጣት። ለምዳዋለች። ስትስል ሻሿን ትነክሳለች።»

«ጫማቸውስ?»

«የማይሄድ ሰው ጫማ ምን ያደርግለታል? ለሰው ሰጠነው።»

ተንጨረጨርኩ። መንገደኛው ቆሞ እስኪያየን ነው የጮህኩት። «ለምን? ለእኔ ለምን? ለአከራይ ደብቂ፣ ለገዢው ደብቂ፤ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ሰው ሲበዛ ቤት አይሰጥም ብለን ነዋ!»

«ሲበዛ ነው እንጂ የሚሰጠው! ምድር ቤት ነበረ እኮ! ሰፊ በር፣ መታጠቢያው መደገፊያ ያለው! ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ!»

እናቷን አየት አደረገች። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «እርስዎ አልነገሩንማ» አለችኝ።

ያች ቃል እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በየቤቱ የምሰብክ ሴትዮ፣ መድኃኒቱ ያለው እኔ ዘንድ መሆኑን ሳልናገር ወጥቼ ነበር።

ባለመዶሻዎቹ መቅረብ ጀመሩ። ስህተቱን ያን ቀን ብናገር ፎርሙ ይሰረዛል፣ ቤተሰቡ ወደ ወረፋው ጭራ ይመለሳል፣ የዚያን ዕለት ማደሪያቸው አስፋልት ይሆናል። «አላየሁም» አልኩ። «ማንም ቢጠይቀኝ ፍራሽ ነው ያየሁት። ንዳ!»

አራተኛ ፎቅ ድረስ ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቅንና ዘበኛው አማቱን አዝሏት ወጣ። እኔ ከኋላ ሆኜ በእጄ ደገፍኳት፤ ጀርባዋ ላይ አጥንት እንጂ ሥጋ የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመን ስንተነፍስ አሮጊቷ፣ «ወደ ሰማይ እንዲህ የምታስጠጉኝ መንገዱን ልታሳጥሩልኝ ነው?» አለች። ዘበኛው እየሳቀ ግድግዳውን ተደገፈ። ሁላችንም ሳቅን። ያን ሳቅ ሳስታውስ ያመኛል።

በነጋታው ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። «እንበልና» ብዬ ጀመርኩ፤ «እንበልና ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ሳይመዘገብ ቀርቶ ቢሆን?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ማን አስቀረው? መዝጋቢው ከሆነ መዝጋቢው ጥፋቴ ነው ብሎ ይጽፋል፣ ይጠየቅበታልም። ቤተሰቡ ከሆነ ውሉ ይፈርሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «እንበልና ነው፣ አይደል?»

«እንበልና ነው» አልኩ።

በቁጣዬ የተነሳ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ፤ አንዱ አንድ አከራይ ላይ ፋይል ወርውሬ ነው። ሦስተኛው ስንብት ነው። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። «አልጠየቅኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ አሮጊቷ በማግስቱ ትመዘገባለች፣ እኔ እባረራለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ፊቴ አስቀመጥኩት። እስክሪብቶውንም አነሳሁ። ከዚያ ፈራሁና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራሁ።

ይልቅ አንድ ብልሃት አገኘሁ፤ ፈሪ ብልሃት አያጣም። ስድስት ወር ሲሞላ የክትትል ጉብኝት አለ። በዚያ ቀን ከዘመድ ቤት የመጣ ጥገኛ ብሎ አንድ ሰው መጨመር ይፈቀዳል፤ መራመድ የማትችል መሆኗ ከተጻፈ ደግሞ ምድር ቤት ሲለቀቅ ቅድሚያ ያገኛሉ። የምጎበኘውም እኔ ነኝ፣ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ማንም ሳይጎዳ ሊያልቅ ነው። ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ወጥቼ አሮጊቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ስድስት ወር ብቻ ተደብቀው ይቆዩልኝ። ተቆጣጣሪው እንዳያይዎት፣ ጎረቤት እንዳይሰማዎት። ከዚያ እኔ ራሴ እጽፍዎታለሁ።»

«እኔ ሦስት ዓመት ተደብቄያለሁ፤ ስድስት ወር ምን አላት?» አለችኝ። «ብቻ አንቺ እንዳትረሺ።»

«ብረሳዎት ቁርጥ ያድርገኝ!»

ልብስ ሰፊዋ የልብስ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ ሰጠቻትና አሮጊቷ አልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ማስመር ጀመረች።

ተቆጣጣሪው ማለት ደረጃው ሥር ወንበር ዘርግቶ የሚውል፣ የወጣውን የወረደውን በዓይኑ የሚመዝን ሰው ነው። ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ፣ ቧንቧ ሊያይ፣ ሰበብ እየፈለገ በየቤቱ ይገባል። እሱ ሲመጣ አሮጊቷ ከአልጋው ጀርባ ወለል ላይ ትወርድና ሻሿን ትነክሳለች፤ ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናውን በባዶው ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ እንዲሸፍን። መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ፀሐይ የምታገኘው ጠዋት ወለሉ ላይ በምታርፈው አንዲት ካሬ ብርሃን ነው፤ ትንሿ ልጅ የአያቷን እግር ጎትታ እዚያች ላይ ታደርገዋለች። እንዲህ ያሉ ነገሮችን ስሰማ ቁጣዬ ይነሳል። በማን ላይ እንደምቆጣ ግን ይጠፋኛል፤ ተቆጣጣሪው ላይ እንዳልል እሱ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እኔ ነኝ ሥራዬን ያልሠራሁት።

በአራተኛው ወር ከአንድ ሱቅ ጥቁር የጨርቅ ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። ሶሉ ለስላሳ ነው። የእግሯን ልክ ደረጃ ስንወጣ በዓይኔ ይዤው ነበር።

«እንዴት ነዎት፣ እማማ?»

«በሰማይና በምድር መካከል ነኝ» አለችኝ። «ኪራይ የማይጠይቁበት ቦታ እዚህ ብቻ ነው መሰለኝ።» ለመጨረሻ ጊዜ ካየኋት ይልቅ ከስታለች፤ ሳሏም ከደረቷ ሥር ነው የሚነሳው። ጫማውን ጭኗ ላይ ሳደርግላት ገለባብጣ አየችው። «ይኼን አድርጌ የት ልሄድ ነው?»

«የትም አይሄዱም። በር ላይ ይቀመጥና በስድስተኛው ወር ስመጣ አምስት ብዬ እቆጥራለሁ።»

«እንግዲያው ቤት የሚሰጠው ለጫማው ነው፤ እኔ ትርፍ ነኝ በይኛ!» አለችና እስክትስል ድረስ ሳቀች። ሻሿን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል እጇን ያዝኩት። «እኔ ፊት እንኳን ይሳሉ» አልኳት። ልብስ ሰፊዋ ግን በሩን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። እጇን ለቀቅኩት።

ስወጣ፣ «ሐኪም ብታሳያትስ?» አልኳት በሩ ላይ።

«በየት በኩል አውርጄ፣ እትዬ? ሁለት ወር ነው የቀረን።»

«እውነትሽን ነው» አልኩ። እውነትሽን ነው ብዬ ሄድኩ።

የክትትሉ ቀን አዲሱን ፎርም ይዤ ወጣሁ። «ተጨማሪ ጥገኛ» የሚለውን ቦታ ቢሮ ሳለሁ በእርሳስ ሞልቼዋለሁ፤ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ መራመድ አትችልም። የምድር ቤት ጥያቄውንም አያይዣለሁ። ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት። በሩ ላይ ዝቅ ብዬ ቆጠርኩ። ቦት ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሁለት የትምህርት ቤት ጫማ።

አራት።

ተቆጣጣሪውን ፈርተው ወደ ውስጥ አስገብተውት ነው አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ከፈተችልኝ። ጥቁር አልለበሰችም። ባልየው ተነስቶ ቆመ፤ ቁጭ በይ አላለኝም። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ የለም። ግድግዳው ላይ የጠመኔው መስመር ግን አለ፤ ረድፍ በረድፍ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

«መቼ?» አልኩ።

«አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረን» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ዝቅ አድርጎ መናገር ለምዷል። «ደረቷ ነው። አምስት ቀን አተኮሳት። እሱ አዝዬ ሐኪም ቤት ልውሰዳት አለ፤ እሷ እምቢ አለች። አሥራ ስድስት መስመር ነው የቀረኝ፣ እስከዛሬ የለፋችሁትን አላበላሽባችሁም፣ ጫማ ቆጣሪዋ ትመጣለች አለች። ሻሿ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው ያገኘናት።»

ባልየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እዚህ ማልቀስ አልቻልንም» አለች። «ጎረቤት ማን ሞተ ይላላ። ጠዋት ተቆጣጣሪው ቁርስ ሊበላ ሲሄድ ባሌ እንዳወጣት አዝሏት ወረደ። አጎቱ ቤት ወሰድናት። በሕይወት ሳለች ቦታ የለኝም ያለን ሰውዬ፣ ለሬሳዋ ቦታ ሰጠ። ከእሱ ቤት ተቀበረች። እኛም እንደ እንግዳ ሄደን አልቅሰን መጣን።»

«ጫማውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ጫማ ይጠይቃል? አፌ ነው ያመጣው።

«እዚያው አጎቱ በር ላይ ነው ያስቀመጥነው። ለቅሶ የመጣ ሰው አይቶ እዚህ ትኖር ነበር እንዲል። ማንም አልጠየቀንም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ እነሱ ግን አላለቀሱም። መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼው የነበረው ወረቀት ትዝ አለኝ። «ዛሬ እጽፋለሁ» አልኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ። አልጠየቅኳችሁም፣ አይቼም ዝም አልኩ ብዬ። ያባርሩኝ!»

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እትዬ» አለችኝ። «ለማን ነው የሚጽፉት? አምስተኛ ሰው ነበረ ብለው ከጻፉ፣ ይህን ሁሉ ወር ደብቀናል ተብሎ ውሉ ይፈርሳል። እርስዎ ይቀልልዎታል፣ እኔ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። እናቴ ለዚህ ቤት ብላ ነው የታፈነችው። እባክዎ አይጻፉ።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ላጲስ አወጣሁና በእርሳስ የጻፍኩትን ማጥፋት ጀመርኩ፤ ዕድሜዋን፣ ዝምድናዋን፣ እግሯን። ትንሿ ልጅ አጠገቤ መጥታ የላጲሱን ብናኝ በመዳፏ ጠረገችልኝ። የምድር ቤቱን ጥያቄ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ፎርሙ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ቀረ። አንብቤ መጠየቅ ግዴታዬ ነው፤ ስለዚህ ጠየቅኩ።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጻፍኩት። እሷም ፈረመች።